የምረቃ መጽሔት ፎቶ ሥር ምን ይጻፍ? ጥያቄና መልስ

የትምህርት ቤት ዓመታዊ መጽሔት የሚያዘጋጁ ተማሪዎችና መምህራን ስለ ፎቶ ካፕሽን የጠየቁኝን ሰብስቤ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ፎቶው ራሱ ይናገር የለም እንዴ? ካፕሽን ምን ያደርግልናል?

ዛሬ ይናገራል። ልጁ ማን እንደሆነና ለምን እንደሚስቅ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ከ20 ዓመት በኋላ ግን የፎቶው ባለቤት ራሱ «ይሄ ከጎኔ ያለው ማን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ካፕሽን የሚጻፈው ለዚያ ቀን ነው።

እኔ ስጽፍ «ተማሪዎች በቤተ ሙከራ» ላይ ያልቅብኛል። ከዚያ ምን ልጨምር?

ቤተ ሙከራ መሆኑንማ ብልቃጡ ይናገራል፤ ተማሪ መሆናቸውንም ዩኒፎርማቸው። አንቺ ፎቶው የማይናገረውን ጻፊ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች ታውቂያቸዋለሽ። ብዙ ሰው አራቱን መልሶ ይተወዋል። ጨዋታው ያለው ግን «ለምን» እና «እንዴት» ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ በማሰብ አይገኙም። እዚያ የነበረውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ለምሳሌ ፎቶው ላይ አንድ ልጅ አለ እንበል፤ እንደተለመደው አበበ እንበለው። የመከላከያ መነጽሩ ላይ አረፋ ተረጭቷል፤ ከኋላው ሁለት ልጆች ወደ ኋላ እየሸሹ ነው። ሄደሽ «ምን ሆኖ ነው?» በይው። ከዚያ እንዲህ መጻፍ ትችያለሽ፦

«አረፋው ጠረጴዛውን ሲያጥለቀልቅ አበበ ከቦታው አልተነቃነቀም። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ እርሾ ጨምረው ኦክስጅን እንዴት በፍጥነት እንደሚወጣ እያዩ ነበር። ‹ሳሙናው ያነሰ መስሎኝ ደገምኩት› ይላል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከአበበ በቀር ማንም ሊጽፋት አይችልም። ሳይናገር ተናገረ ብለሽ ከራስሽ እንዳትፈጥሪለት ግን አደራ።

ካፕሽኖቼ ሁሉ በ«ሲ» ያልቃሉ፦ ሲስቁ፣ ሲጫወቱ፣ ሲጨፍሩ። ችግር አለው?

አንዱ ችግር የለውም፤ ጋዜጦችም ይጠቀሙበታል። አንድ ገጽ ላይ ስድስት «ሲ» ሲደረደር ነው አንባቢ የሚሰለቸው። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው፣ ወይም ከድርጊቱ ጀምር። «በፎቶው ላይ የሚታየው» የሚለውን ደግሞ ጭራሽ ሰርዘው፤ የት ሊታይ ኖሯል?

መምህር ነኝ። የቡድን ፎቶ ላይ ስም ስናዛባ በየዓመቱ ቅሬታ ይመጣል። እርስዎ እንዴት ይሠሩታል?

ስሙ የሚመዘገበው ፎቶው እንደተነሳ፣ ሰልፉ ሳይበተን ነው። አንድ ተማሪ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ስማቸውን ራሳቸው እንዲጽፉለት ያድርጉ። «ግራ» ማለት የአንባቢው ግራ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ራሳቸው መጻፋቸው ደግሞ ምክንያት አለው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለባለስሙ ግን አንድ አይደሉም። መጽሔቱ የቀረውን ፊደል ወጥ ማድረግ ይችላል፤ ስም ላይ ግን የባለቤቱን አጻጻፍ ይከተሉ። የአባት ስም አይቅር። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ካሉ የአያት ይጨመር። የቀረ አባል ካለ «በፎቶው ላይ ያልተገኙ» ብሎ ስሙን ማስገባት ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል።

ለስፖርት ፎቶስ?

ከማን ጋር፣ ውጤቱ ስንት፣ ፎቶው የተነሳው ከጎሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ከተሸነፋችሁም ውጤቱን ጻፉት።

ካፕሽኑ ካላሳቀ ማን ያነበዋል? ቀልድ እናብዛ የሚሉ አሉ።

ቀልድ እወዳለሁ። ግን ሁለት ዓይነት ቀልድ አለ። አንደኛው አምስት ጓደኛሞች ብቻ የሚገባቸው ነው፤ ቀሪው ክፍል ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ሁለተኛው በአንድ ሰው ላይ የሚሳቅበት ነው። ቁመት፣ ውፍረት፣ ውጤት፣ «ከእገሊት ጋር ምን አለ?» የመሳሰለው። ስልክ ላይ የተለጠፈ ይጠፋል፤ የታተመ ግን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ለባለፎቶው ፊት ለፊት አንብብለት። ሳቅ ብሎ «ኧረ ተወው» ካለ፣ ተወው ማለቱ ነው። አትከራከር።

«በደስታ ሰክረው» ዓይነቱንም ተጠንቀቅ። ደስ እንዳላቸው በምን አወቅህ? ጠይቅ፣ ወይም ያደረጉትን ብቻ ጻፍ።

ስንት ዓረፍተ ነገር ይበቃል?

ለድርጊት ፎቶ ሁለት ወይም ሦስት። ለጉርድ ፎቶ ስሙ ብቻ ይበቃዋል።

ፎቶው ከቴሌግራም ግሩፕ የመጣ ነው። ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ አንሺውን አፈላልጊና ኦሪጅናሉን እንደ ፋይል እንዲልክልሽ ጠይቂው። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ የተነሳበት ቀንና ሰዓት ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ አብሮ ይመጣል። ካልተገኘ ፎቶውን አጉይው፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ቀን ወይም የትምህርት ርዕስ ይኖራል። የክፍሉን መምህርም አሳዪ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምንም ካልተገኘ ሌላ ፎቶ ምረጪ። «የማይረሱ ትዝታዎች» ብሎ መሸፈን አያዋጣም፤ ትዝታውማ ተረስቷል።

በኤአይ ባጽፈውስ?

እዚያ አልነበረማ! አንተም የነገርከውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የቀረውን በሚያምር ቃል ይሞላዋል። የፊደል ግድፈት እንዲያይልህ ስጠው፤ ስሞቹን እንዳይነካ ግን አስጠንቅቀው።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት የመጨረሻው ሥራ ምንድን ነው?

ረቂቁን በወረቀት አትሙት። አንድ ሰው ስም ብቻ ያንብብ፤ ሌላ ምንም አይመልከት። ሌላው ባለስሞቹ በእጃቸው የጻፉትን ዝርዝር ይዞ ያመሳክር። ሁለቱም ካፕሽኑን ያልጻፉ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የጻፈ ሰው የራሱን ስህተት አያይም። ፎቶ ቦታ ከተቀያየረም እንደገና ከመጀመሪያው ይታይ፤ ካፕሽን ከፎቶው ተለይቶ ቀርቶ ሌላ ሰው ሥር የሚገኘው ያኔ ነው።