ቤሴል ጨረር ጠልቆ ይገባል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ባንተ አይደለም፣ ይህን ወሬ በሚነዙት ነው። "የአይጥ አንጎል በላይት ሺት ማይክሮስኮፕ ስናይ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፣ የጥላ መስመርም ይወጣበታል፤ ጋውሲያኑን ጨረር በቤሴል ብንቀይረው ጠልቆ ይገባል ወይ?" ነው ያልከው። ላይት ሺት ናሙናውን ከጎን በቀጭን የብርሃን ንጣፍ የሚያበራ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ጋውሲያን የተለመደው የሌዘር ጨረር ነው፣ ቤሴል ደግሞ ቀጭን ብሩህ መሃል ኖሮት በቀለበቶች የተከበበ። መስመሩ ይቀንስልሃል። ድብዘዛው ግን ሊብስብህ ይችላል።

1. መጀመሪያ ብርሃኑ የት እንደሚያልቅብህ እወቅ። ሳይበተን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብርሃን ከጥልቀት ጋር በኤክስፖኔንሻል ይቀንሳል። በአንጎል ውስጥ የሚታይ ብርሃን ጥቂት አስር ማይክሮሜትር እንደሄደ መበተን ይጀምራል፤ ቅርብ ኢንፍራሬድ (ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን) ላይ ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ገደማ ትደርሳለህ። የጨረሩ ቅርጽ ይህን ርቀት አይለውጠውም። ሞገድ ርዝመቱ ነው የሚለውጠው።

2. "ራሱን ይጠግናል" የሚሉት ውሸት አይደለም፣ ግን ልክ አለው። ዱርኒን እና ባልደረቦቹ በ1987 ያሳዩት ይህ ጨረር ከዙሪያው በሾጣጣ ቅርጽ እየመጣ መሃል ላይ ከሚገናኝ ብርሃን የተሠራ ነው። መሃሉን አንድ ሕዋስ ቢጋርደው ከጎን የሚመጣው ከሕዋሱ ጀርባ እንደገና ይሞላዋል። ፋርባህ፣ ሲሞን እና ሮርባህም በ2010 በማይክሮስኮፕ አሳይተውታል፣ አሪፍ ሥራ ነው። ነገር ግን ህብረ ሕዋሱ ዳር እስከ ዳር እንቅፋት ከሆነ ከጎን የሚመጣውም መንገድ ላይ እየተበተነ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ ነው ሻጮች ዝም የሚሉት።

የቤሴል ማብሪያ የሸጠልን የኛ ሻጭ ደግሞ ዝም አላለም፣ ሰደበን እንጂ። ስብሰባ ላይ "ቀለበቶቹስ ምን ይሆናሉ?" ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ። "እሱ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፣ ፊዚክሱን ለኛ ተዉልን" አለኝ፣ በአለቃዬ ፊት። አለቃዬም ፈገግ ብሎ ፈረመ። ዕቃው መጣ፣ ተገጠመ፣ ምስሉን ስናየው ወተት የተደፋበት ይመስላል! ከቀድሞው ጋውሲያን የባሰ። ስልክ ስንደውል የሚያነሳ የለም፣ ኢሜይል ስንልክ የመጣልን መልስ የሥልጠና ማስታወቂያ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤሴል ጨረር ላይ እያንዳንዱ ቀለበት በግምት ከመሃሉ ጋር እኩል ኃይል ይይዛል። 10 ቀለበት ካለህ መሃሉ የሚደርሰው ከጠቅላላው አንድ አስራ አንደኛ ገደማ ነው ማለት ነው። የቀረው ከምታየው ንብርብር በላይና በታች ያለውን ፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲመታው የሚያበራ ቀለም) ሁሉ ያበራዋል፣ ካሜራው ደግሞ ሳይመርጥ ይሰበስበዋል። የናሙናህ አብሪ ቀለምም በከንቱ ይነጣል። አለቃዬ ይህን የሰማው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ። እኔ ስናገር ግን... ተወው።

ያዳነን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቱ ፎቶን ነው፣ ቀለሙ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ ሲውጥ ብቻ የሚያበራበት ዘዴ፦ ምልክቱ በብርሃኑ ጥንካሬ ካሬ ስለሚሄድ ደካማዎቹ ቀለበቶች ይሞታሉ፣ ሞገድ ርዝመቱም ስለሚረዝም መበተኑ ይቀንሳል። የማይክሮስኮፕ ተመራማሪው ኤሪክ ቤትዚግ ቡድን በ2011 ቤሴልን ያስኬደው በዚህም መንገድ ነው። ሁለተኛው የካሜራውን ሮሊንግ ሸተር (ምስሉን መስመር በመስመር የሚያነበውን) ከጨረሩ እኩል እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ እንደ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ የጎኑን ብርሃን ይቆርጠዋል። ይህን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፣ ሻጩ አይደለም።

3. ኤሪ ጨረርም ይሉሃል፣ እየታጠፈ የሚሄድ ሌላ የጨረር ቅርጽ ነው። በጎኑ ያሉትን ደካማ ብርሃኖች በዲኮንቮሉሽን (ድብዘዛን በስሌት በማጥራት) መልሶ ይጠቀምባቸዋል፣ ምልክቱ ደካማ የሆነበት ጥልቀት ላይ ግን ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። ናሙናህ የሞተ ከሆነ ቅርጹን ሁሉ ተወውና ህብረ ሕዋሱን አጽዳው፣ ማለትም በኬሚካል ብርሃን አሳላፊ አድርገው፣ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱን (ብርሃን የሚያጥፍበትን ልክ) ከፈሳሹ ጋር አመሳስል፤ መበተኑን ራሱን የሚቀንሰው እሱ ነው። ቬሌኮፕ እና ሞስክ በ2007 እንዳሳዩት የመበተኑን ውጤት እየለኩ ሞገዱን ማረምም አለ፣ ግን በሕይወት ያለ ህብረ ሕዋስ ይንቀሳቀሳል፣ ደም ይፈስበታል፣ እርማትህ በሚሊሰከንዶች ያረጃል።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ግን የቀለበት ቅርጽ ቀዳዳ ያለው ማስክ (የብርሃን መጋረጃ) አሠራ። ከማብሪያው ኦብጀክቲቭ (ሌንስ) የኋላ ፎካል ፕሌን ጋር በሚመሳሰለው ቦታ ላይ አስቀምጠው። አብዛኛው ብርሃን ይባክናል፣ ለሙከራ ይበቃሃል። ያንኑ ናሙና፣ ያንኑ ጥልቀት፣ ናሙናው ላይ በሚደርስ እኩል ኃይል በሁለቱም ጨረር አንሳና ኮንትራስቱን አወዳድር። ሻጩንም "በራሴ ናሙና አሳየኝ" በለው። ማመካኘት ከጀመረ ስልኩን ዝጋበት።