ጀባ በሉ! የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደሴ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ተመላላሽ፣ የሸተተው ባልዲና ሌሎችም

ለዚህ እትም ከመጡልን ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጀባዎች። የ24 አመት ልጅ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ፣ ስራ አዛውሮኝ ደሴ ከገባሁ ገና ሶስተኛ ሳምንቴ ነው። ኮምቦልቻ እያለሁ የሰፈራችን ቡድን ውስጥ ክንፍ ነበርኩ 7 ቁጥርም የኔ ነበረች። እዚህ በሰው በሰው ብዬ ሆጤ አካባቢ ጠዋት ጠዋት የሚለማመድ ቡድን ውስጥ ገባሁ ግን ሩብ ሰአት ሳልጫወት ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ ልጆቹ ደሞ "ቆላው ደከመው" እያሉ ይስቃሉ። አሰልጣኙ ቀኝ ተመላላሽ አድርጎኛል እኔ መከላከል አልወድም። ኳስ አያቀብሉኝም፣ እጄን እያነሳሁ ዝም ብዬ እሮጣለሁ። 7 ቁጥርም ተይዟል። እሁድ እሁድ የሐረጎን ዳገት ወርጄ ኮምቦልቻ ከድሮ ልጆቼ ጋር ብጫወት ይሻለኛል ወይስ ልታገስ?
ትንፋሽ ያጠረው፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድማለም። መጀመሪያ የትንፋሹን ነገር እንጨርስ፣ ግማሹ ችግርህ እዛ ላይ ነው ያለው ባይ ነኝ። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደሞ ጦሳ ተራራ ስር 2,500 አካባቢ ላይ ተሰቅላለች፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ግን ሐረጎን ስትወጣ ጆሮህ የሚደፈነው ለቀልድ አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል ማለት ነው። ሰውነትህ ቶሎ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትንፋሽና የልብ ምት ማፍጠን ነው፣ ዋናው መላ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ኩላሊት ሆርሞን ትልክና መቅኒው ቀይ የደም ሴል ማምረት ይጨምራል፣ ይሄ ደሞ ሳምንታት ይፈልጋል። አንተ ገና መሀሉ ላይ ነህ።

ፊፋ ራሱ እኮ በፈረንጆቹ 2007 ከ2,500 ሜትር በላይ አለም አቀፍ ጨዋታ አይደረግ ብሎ ነበር፣ ቦሊቪያዎች 3,600 ሜትር ላይ ላ ፓዝ ነው የሚጫወቱትና እሪ አሉ፣ ፕሬዝዳንታቸው ኢቮ ሞራሌስ ሳይቀሩ ማሊያ ለብሰው ተራራ ላይ ኳስ ተጫውተው ተቃወሙ፣ በቀጣዩ አመት እገዳው ተነሳ። ይሄን የምነግርህ ልጆቹ ሲስቁብህ የምትመልሰው እንዲኖርህ ነው።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሶስት ሳምንታት እንዲህ አድርግ። ልምምድ ላይ አጭር ሩጫ ሮጠህ ረዘም ያለ እረፍት ውሰድ፣ መጀመሪያው ሩብ ሰአት ላይ ያለህን ሁሉ አፍስሰህ አትጨርስ። ውሃ ጠጣ፣ የደሴ ብርድ ጥሙን ያስረሳሃል እንጂ ደረቅ አየር ላይ በትንፋሽ ብቻ የሚወጣው ውሃ ቀላል አይደለም። ምስርና ጎመን ብላ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርግበት ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። እዚህ ጋ ግን የምትጠላውን ልነግርህ ነው፣ ምሳ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናም ሻይም ከምግቡ የሚገኘው ብረት እንደልቡ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ወሎ ላይ ከምሳ በኋላ ቡና ተው የሚል ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ፣ ስለዚህ ተው አልልህም፣ አቦሉን አንድ ሰአት ያህል ግፋው። ከልምምዱ በፊት ባለው ቀን ጫት የምትቅም ከሆነ ደሞ እንቅልፍህንና የምግብ ፍላጎትህን ወስዶ ልብህን ሲያስሮጥ አድሮ ጠዋት ሜዳ ላይ ከፍታውን መውቀስ ፍትህ አይደለም። ወር አልፎም ካልተሻለህ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደም ማነስ እንዳለብህ ተመርመር። ደረትህን ከወጋህ ወይ ራስህን ከሳትክ ግን ወሩን አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሂድ።

በነገራችን ላይ ከመስመር የምታሻግራት ኳስ ሰዉን ሁሉ አልፋ እየወጣች አስቸግራህ ይሆናል። የሳሳ አየር ኳስን ብዙ ስለማይዛት ራቅ ብላ ትሄዳለች መታጠፏም ይቀንሳል። ትንሽ ቀነስ አድርገህ ምታ።

አሁን ወደ ተመላላሽነቱ። አንቶኒዮ ቫሌንሲያን ታስታውሰዋለህ፣ የኢኳዶሩን? ላጎ አግሪዮ የምትባል ሞቃታማ ቆላ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ነው ዋና ከተማቸው ኪቶ ወዳለው ኤል ናሲዮናል ክለብ የወጣው፣ ኪቶ ደሞ 2,850 ሜትር ላይ ናት፣ ያንተ ሐረጎ ከሱ ጋር ሲተያይ ዳገትም አይባል። ማንቸስተር ዩናይትድ ክንፍ ሆኖ ገባ፣ በፈረንጆቹ 2012 ያቺን የተከበረች 7 ቁጥር ሰጡት፣ አንድ ሲዝን ለበሳትና መልሶ ወደ ድሮው 25 ቁጥሩ ተመለሰ። ከዛ ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ነው የክለቡ አምበል እስከመሆን የደረሰው። ስለ ቁጥሯ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኳስ የማያቀብሉህ ጠልተውህ አይመስለኝም። የሚያቀብል ልጅ ከማወቁ ነው የሚያቀብለው፣ አንተ ወደ እግርህ ነው የምትፈልገው ወይስ ከተከላካይ ጀርባ፣ በአንድ ንክኪ ትመልሳለህ ወይስ ይዘህ ትቀራለህ፣ ይሄን ገና አላዩም። ጥግ ላይ ቆመህ እጅ ማንሳት ከሩቅ ሲታይ ታክሲ የሚያስቆም ሰው ነው የሚመስለው። ጠጋ በል፣ ተቀበል፣ በሁለት ንክኪ መልስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ቀለል ያለውን አስር ጊዜ ስጣቸውና አስራ አንደኛው ላይ ራሳቸው ይፈልጉሃል። ደሞ ተመላላሽ ሙሉ ሜዳው ፊቱ ነው ያለው፣ ከፊትህ ያለው ክንፍ ጀርባውን አያይምና አንተ ዓይን ሁነው፣ "ሰው አለብህ" "ብቻህን ነህ" "ዙር" በለው፣ ስሙን እየጠራህ። ትንፋሽ እስኪመለስልህ ድረስ አፍህ ይስራ። እሱ ክንፍ ወደ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ በውጭ በኩል ተሸቀዳድመህ ውጣ፣ የምትወደው ማጥቃት እኮ እዛው ነው ያለው፣ መነሻው ሰላሳ ሜትር ወደ ኋላ ሆነ እንጂ።

አሰልጣኙን ደሞ ልምምድ ሲያልቅ ለብቻው ጠይቀው፣ ለምን እዛ እንዳሰለፍከኝ ብትነግረኝ ብለህ፣ በሌላ ልጅ በኩል እንዳይሰማ። እና "እኛ ኮምቦልቻ እያለን" የምትለውን ነገር፣ ደብዳቤህ ውስጥ ራሱ ደጋግመሃታል እኔ ነኝ የቆረጥኳት፣ ለጊዜው ኪስህ ክተታት። መረቡን ስትሸከም ሻይ ቤት ስትቀመጥ ነው ቡድን ውስጥ የሚገባው፣ ልምምድ እንዳለቀ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ታክሲ የሚሮጥን ልጅ ማን ያውቀዋል? እሁድ እሁድ መውረዱን በወር አንዴ አድርገው፣ ካልሆነ ሁለቱም ጋ እንግዳ ትሆናለህ። ቆላው የሚሉህን ሳቅበትና የወዳጅነት ጨዋታ አመቻችላቸው፣ ቀኑ ግንቦት አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ በሰባት ሰአት ፀሀይ ማን ምላሱን እንደሚያወጣ እናያለን።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ቆሻሻ ልቀንስ ብዬ የኩሽና ልጣጩን በረንዳ ላይ ባልዲ ውስጥ ኮምፖስት ማድረግ ጀመርኩ፣ አሁን ይሸታል ትንኝም ወሮታል። ፊት ለፊት ያሉት እማማ ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ልተወው ወይ? ካልተውኩትስ በረንዳዬ ላይ ምን ይበቅልልኛል?
የባልዲዋ እመቤት

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህታለም። አትተዪው። የሚሸተው እርጥብ ብቻ ስለሞላሽበትና አየር ስለሌለው ነው፣ አየር ሲያጣ ይበሰብሳል እንጂ አይብላላም። ባልዲውን ጎንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ስሩ ሰፌድም ይሁን አሮጌ ትሪ አድርጊለት። ከዛ ለአንድ ሳህን እርጥብ ሁለት ሶስት ሳህን ደረቅ ጨምሪ፣ ደረቅ የምልሽ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ የደረቀ ቅጠል ነው። ሁሌም የላይኛው ሽፋን ደረቅ ይሁን፣ ትንኙ በዛ ይጠፋል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ አገላብጪው። አንድ እፍኝ ጨምቀሽ ውሃ ከተንጠባጠበ ገና እርጥብ ነው፣ እጅሽን ብቻ ካረጠበ ልክ ነው።

የቡና አተላ ቡናማ ስለሆነ ደረቅ ይመስላል ግን ከእርጥቡ ነው የሚቆጠረው፣ በቀን ሶስቴ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ ባልዲሽ በሱ ብቻ ይሞላል፣ ደረቁን ጨምሪበት። ስጋ፣ ወጥ፣ ዘይት የነካው እንጀራ አይግባ። አመድ ትንሽ ቢገባ ችግር የለውም፣ ሲበዛ ግን ያበላሸዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል ደሞ ተዪው፣ ደሴ ዙሪያዋን እሱ ስለሆነ ሰው በነጻ አገኘሁ ብሎ ይሞላዋል፣ ዘይቱ መብላላቱን ያዘገየዋል ዘርም እንዳይበቅል ያደርጋል። በኛ ብርድ ትንሽ ባልዲ ብዙ አይሞቅምና ወራት ይፈጃል፣ ጥቁር ሆኖ ዝናብ የመታው አፈር ሲሸት ያኔ ደርሷል።

ምን ልትከል ላልሽው፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት ብርድ ይችላሉ። ጆንያ ውስጥ አፈርና ኮምፖስት ቀላቅለሽ ትከያቸው፣ ቆስጣን የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ከቆረጥሽ ከመሀል እየተካ ለወራት ይበላል። ጤና አዳም አንድ ጣሳ ውስጥ ይበቃል ለቡናውም ይሆናል። ቲማቲምና ቃሪያ ካማረሽ ከበልግ ጀምረሽ ሞክሪ፣ የህዳርና የታህሳስ ውርጭ ግን አይምራቸውም። ጎመን ያጠብሽበትን ውሃ አትድፊው እሱን አጠጫቸው። እማማ ጋ ደሞ ምንም ማብራሪያ ይዘሽ አትሂጂ፣ የመጀመሪያውን እስር ቆስጣ ይዘሽ ሂጂ። በፌስታል ግን አይሁን፣ እሱም በ2017 በወጣው አዋጅ ተከልክሏል፣ ዘንቢሏን አውጫት።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መጣችና ከሰል አቁሚ፣ ዛፉን ጨረስነው ትለኛለች። እኔ ደሞ በኤሌክትሪክ የፈላ ቡና ቡና አይደለም ነው የምል። ማን ነው ልክ?
አንዲት እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ነች፣ እርስዎም ብዙ አልተሳሳቱም። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው፣ ወጡንና ሽሮውን በሱ ቢሰሩት ከሰሉ በብዙ ይቀንሳል። ለቡናው ብቻ ከሰል ያስቀሩ፣ ማንደጃዎ ላቀች ምድጃ ካልሆነ እሷን ይግዙ፣ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ትይዛለች ከሰልም ትቆጥባለች። በረካው ሲያልቅ የተረፈውን ፍም አፍነው ያጥፉት፣ ለነገ ይሆናል። ብርድ ነው ብለው ፍሙን መኝታ ቤት ይዘው እንዳይገቡ ግን አደራ፣ ሽታም ጭስም የሌለው ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሰው በተኛበት ይገድላል። ይሄኛው ላይ ልጅዎ ብትጮህብዎትም ትጩህ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በልጅነቴ ያማረኝን ክራር አሁን ገዛሁ። ባለቤቴ በሽምግልና አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ እያለች ትስቃለች። በዚህ እድሜ ጣት ይታዘዛል? ከየትኛው ቅኝትስ ልጀምር?
ከወልዲያ

መልስ፦ ጋሼ፣ ጣት ይታዘዛል፣ ከወጣቱ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። በቀን ሩብ ሰአት ይበቃል፣ እሁድን ጠብቆ ሶስት ሰአት መቀመጥ ግን ጣት ማቁሰል ብቻ ነው። ከትዝታ ይጀምሩ፣ ጆሮዎ ስለሚያውቀው ስህተቱን ራስዎ ይሰሙታል። ቀጥሎ ባቲ፣ ከዛ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬን ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ድምጾቹ በጣም ተቀራርበው ስለሚሄዱ ጀማሪን ያደናግራል። አራቱም የኛው ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ወሎ ተቀምጦ ሌላ ቦታ መምህር መፈለግ አያስፈልግም፣ ሰርግ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች አንዱን ጠጋ ብለው ይጠይቁ፣ ተማሪዎ የነበረ ሊሆንም ይችላል።

ስድስት ክር ከሆነ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምጽ ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱን ድምጽ ከፍ ወይ ዝቅ አድርጎ ይደግማል። ስልክዎ ላይ ቱነር የሚባለውን የክር መቃኛ አፕ የልጅ ልጅዎ ይጫንልዎት። አዲስ ክር ደሞ ገና ስለሚለጠጥ መጀመሪያ ሰሞን በየአምስት ደቂቃው ይወርዳል፣ ባለቤትዎ ጆሮዬን አሉ ብለው ጨዋታውን ከመተውዎ በፊት መቃኛውን ይመልከቱት።