የዜኒቱ ሌንስ ውስጥ ያለው ድር

አብሽር፣ ካሜራውን መፍታት አያስፈልግህም። በአባትህ ዜኒት ካሜራ ሌንስ ውስጥ ያየኸው የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ሻጋታ ነው። ሌንሱን ብቻ አጽዳ።

1. ሄሊዮሱን፣ ማለትም ሌንሱን፣ ወደ ግራ አዙረህ ከካሜራው አውጣ።

2. በባትሪ ብርሃን እያየህ ሻጋታው የትኛው ብርጭቆ ላይ እንዳለ ለይ። ብርጭቆዎቹን የያዘውን እያንዳንዱን ቀለበት ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። የፈታኸውን በተራ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድር።

3. ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዛ። የመነጽር ጨርቅ ጫፉን ብቻ ነክረህ ከመሃል ወደ ዳር ጥረግ። ፈሳሹን ብርጭቆው ላይ አታፍስስ፣ በጠርዙ ይገባል። ሻጋታው ብርጭቆውን በልቶት ከሆነ ጠባሳው አይለቅም፤ ፎቶ ላይ ግን ብዙም አይታይም።

አንድ ነገር አደራ። ሌንሱ ሲወጣ የካሜራው ሆድ ውስጥ አጋድሎ የቆመ መስታወት ታያለህ። እንዳትነካው! እንደ ቤት መስታወት ከጀርባው አይደለም፣ ከፊቱ ነው የተቀባው። እኔ ጥርት ይበል ብዬ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። ጨርቁ ላይ ግራጫ መስመር ወጣ። ያ ጭረት እስካሁን ባጮለቅኩ ቁጥር ይታየኛል፣ ያናድደኛል። አቧራውን የሕፃን አፍንጫ በሚመጠጥበት ጎማ እፍ በለው፣ በቃ።

ስትጨርስ ወደ ቆዳ ቦርሳው አትመልሰው። የደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ነው የሚገባው፣ ቆዳው ደግሞ እርጥበቱን ይይዛል። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጠው።