ከዙፋኑ በፊት ጓዳውን

ይድረስ የሌለ አገር እየፈጠራችሁ ለምትጽፉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፤

ባለፈው ክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለበት ሰሞን፣ የልጅ ልጄ ወፍራም ደብተር ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ መንግሥት ከልቧ አፍልቃ ልብ ወለድ እየጻፈች ኖሯል። ካርታ ስላለች፤ ወንዙንም ተራራውንም ሰይማለች። ለአራት ጎሳዎች አራት ሰንደቅ ሰጥታለች፤ የአንዱ ምልክት አንበሳ፣ የሌላው ጭልፊት። "አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለችኝ። አነበብኩት። አማርኛዋ ያምራል፣ ጦርነቷም ልብ ያንጠለጥላል። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ "የአንበሶቹ ጎሳ አለቃ ዛሬ ሌሊት ቢሞት፣ የጎተራው ቁልፍ ነገ ጠዋት ማን ዘንድ ይገኛል?"

መልስ አልነበራትም። እንደ እርሷ የምትጽፉ ብዙ መሆናችሁን ስለማውቅ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጥብቅና ነው፤ የበዛው ደግሞ በውርስና በባልና ሚስት ክርክር። ሰው ሞቶ ንብረቱ ሲቆጠር፣ ያ ቤት በሕይወት ሳለ በማን ትከሻ ላይ ቆሞ እንደነበር ይገለጣል። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ጎሳ ስትፈጥሩ ከሰንደቁ አትጀምሩ። ሰው ሲገደል ጉማው፣ የደም ካሳው ማለቴ ነው፣ ከማን እጅ እንደሚወጣ፣ ልጅ ሲወለድ በማን በኩል እንደሚቆጠር፣ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል አስቀድማችሁ ወስኑ። ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱና ተመልከቱ። ከቆላው ግመሉን እየነዳ የመጣው አፋር ጎሳውን የሚቆጥረው በአባቱ በኩል ነው፤ "አብሱማ" በሚባለው ወግ መሠረት የአባቱን እኅት ልጅ ቢያገባ ደግ ይባላል። ከእሱ ጋር በፍየል ዋጋ የሚከራከረው የደጋ ክርስቲያን ግን ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥሮ ከዘመድ ይሸሻል፤ የአክስቱን ልጅ ማግባት ለእሱ ትልቅ ነውር ነው። ሁለቱም ወጋቸውን አክብረው የሚኖሩ ደህና ሰዎች ናቸው። አሁን የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ወደደ በሉ። አንድም ጎራዴ ሳይመዘዝ ታሪካችሁ ተጀመረ።

የራሳችንን አገር ስም እንኳ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረ ሂማኖ። "ወራ" በኦሮምኛ ቤት፣ ቤተሰብ ማለት ነው፤ "አባወራ" በምንለው ቃላችን ውስጥም ተቀምጧል። የቤተሰቡ መጠሪያ የምድሩ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የወረ ሂማኖ ገዦች ኢማም እየተባሉ ትውልድ ለትውልድ ወሎን የመሩ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። እናንተም በካርታችሁ ላይ ለአንድ ሸለቆ ስም ስታወጡ፣ መጀመሪያ እሳት ያነደደበት ቤት የማን እንደነበር እወቁ፤ ስሙ ራሱ ይመጣላችኋል።

በወጣትነቴ የሠራሁት አንድ ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ርስት ገና ሳይሻር፣ ለአንድ ጠበቃ ጸሐፊ ነበርኩ። አንዲት እናት ከአማራ ሳይንት ድረስ የርስት ክርክር ይዘው መጡ። ትውልድ ሲቆጥሩ እንድጽፍ ታዘዝኩ። እሳቸው ያለ ማቋረጥ ይቆጥራሉ፤ እኔ ወንዶቹን እየለየሁ እጽፋለሁ። የሴቶቹ ስም ለክርክሩ የሚጠቅም አልመሰለኝም። ርስት ግን በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ እኒያን እናት መሬቱን ካቀናው አባት ጋር የሚያገናኛቸው ሐረግ የወረደው በሁለት ሴት አያቶች በኩል ነበር። ወረቀቱ ሲነበብ ሐረጉ ተበጥሶ ተገኘ፣ ክርክሩም ወደቀ። አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ እናቴን ዘለልካት" አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የርስት ክርክር አበቃ። የእሳቸው ቃል ግን ዛሬም በሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ በምትፈጥሩት መንግሥት ውስጥ እናቶችን አትዝለሉ። በአባትም በእናትም የሚቆጥር ሰው አንድ ጎሳ ብቻ የለውም። በአራት አያቶቹ በኩል አራት ቦታ ድርሻ አለኝ ይላል፤ ሆኖም የትኛው ጋ ጎጆ እንደሚቀልስ፣ ከየትኛው ዘመድ ጋር እንደሚውል መምረጥ ግድ ይለዋል። መርጦ ሲሄድ የተቀሩት ይቀየሙታል። እንዲህ ያለ ሰው ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ገጹን ሁሉ ይሞላዋል።

ወደ ቤቱ መሪ ልመለስ። አባወራው በአደባባይ ይናገራል፣ በሽምግልና ይቀመጣል፣ እንግዳ ይቀበላል። የጓዳው ጌታ ግን እማወራዋ ናት። ከመኸሩ ምን ያህሉ ለምግብ፣ ምን ያህሉ ለዘር እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ በክፉ ቀን ልጆቿ እየተራቡ ዘሩን አትንኩ የምትል እሷ ናት። ያን ቀን ቤቱን የመራው ማን ነው? ይህን በደንብ የጻፈ ሰው የንጉሥ ምክር ቤት ለመጻፍ አይቸገርም።

በሥጋ ያልተዛመደ ሰውም ቤት ውስጥ ይገባል። የጡት ልጅ አለ፣ አበልጅ አለ፣ አማች አለ። ከትልቅ ቤት ለመጠጋት ሲል ጡት ልጅ የሆነ ሰው፣ ከተወለደው ልጅ ጋር ውርስ ላይ ሲፋጠጥ አስቡት። ደግሞም ስለ ታላላቅ ቤቶች ስትጽፉ አንድ ነገር አትሸፍኑ፤ በእኛ አገር በእነዚያ ቤቶች ውኃውን የሚቀዱት፣ እህሉን የሚፈጩት ብዙ ጊዜ ባሮች ነበሩ። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው። ቤቱ የቆመው በእነሱ ጉልበት ሆኖ ሳለ ትውልድ ሲቆጠር ስማቸው አይጠራም ነበር። ጎሳ በሚቆጥር አገር ጎሳ የሌለው ሰው ምን ይሆናል? ይህን የማይጠይቅ ልብ ወለድ በእኔ ሚዛን ጎደሎ ነው።

ሴት እንዴት አገር ትመራለች ብሎ የሚከራከራችሁ ከመጣ፣ ወይዘሮ ወርቂትን አንሱለት። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎ ውስጥ ሁለት እናቶች፣ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት፣ በልጆቻቸው ስም እየተፎካከሩ ይገዙ ነበር። የወርቂት ልጅ አመዴ በሽር መቅደላ ላይ ታስሯል። በ1857 ክረምት መግቢያ ላይ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እሳቸው ግዛት ገባ። እስቲ ያችን እናት አስቧቸው፤ የሸዋው ልጅ በእጃቸው ነው፣ የራሳቸው ልጅ በንጉሡ እጅ። ቴዎድሮስ አመዴን አስገደሉት። ወርቂት ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙት። እንደ እናት፣ እንደ ገዢ፣ እንደ አንድ ቤት አለቃ ሦስት ዓይነት ግዴታ በአንዲት ሴት ላይ ወደቀ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ከዚያ በላይ ምን ይፈጠራል እላለሁ።

ሕጋችሁም እንደ ድንጋይ ደርቆ አይቁም። ሥራ ስጀምር በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ኋላም የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አመራር እኩል አደረጋቸው። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሁለቱንም አየ። አዋጁ በወጣ ማግስት ግን ሁሉም ቤት አልተለወጠም፤ በአሮጌው ሕግ ልባቸው የቀረ አባቶች፣ አዲሱን በጓዳ ቀድመው ይኖሩት የነበሩ እናቶች ቢሮዬ ድረስ መጥተዋል። በምትፈጥሩት አገር አንድ አዋጅ አሳውጁና አንድ ቤት ገብታችሁ በምሳ ሰዓት ምን እንደተባለ አዳምጡ።

የልጅ ልጄ በጥቅምት ተመልሳ መጣች። ካርታውን አላሳየችኝም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጽፋዋለች፦ የአንበሶቹ አለቃ በሌሊት ሞቷል፤ ሁለት ሚስቶቹና ታላቅ ወንድሙ ሳጥን እያገላበጡ ቁልፉን ይፈልጋሉ። ቁልፉ ግን ትውልዷን የሚቆጥርላት ሰው በሌለ በአንዲት የቤቱ ሠራተኛ መቀነት ውስጥ ተቋጥሯል፤ ሟቹ ራሱ ሰጥቷት ነበር። "ለማን ትሰጠዋለች?" ብዬ ጠየቅኳት። "ገና አልወሰነችም" አለችኝ። አታስቸኩያት አልኳት።