የዘር ሐረግ የመዘገባችሁበት ሶፍትዌር ሲቋረጥ፦ ጥያቄና መልስ

የለመዱት የቤተሰብ ታሪክ ፕሮግራም የተቋረጠባቸው ሰዎች ጥያቄ በዝቷል። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

ፕሮግራሜ ከእንግዲህ አይታደስም ተብሏል። ነገ መከፈቱን ያቆማል?

ኧረ በፍጹም! ኮምፒውተርህ ላይ የተጫነው ነገም ይከፈታል። የቀረው ማሻሻያና ድጋፉ ነው። ጣጣው የሚመጣው ኮምፒውተር ስትቀይር ነው፤ አንዳንዱ ፕሮግራም እንደ አዲስ ሲጫን ፈቃዱን ከኩባንያው ሰርቨር ያረጋግጣል፣ ሰርቨሩ ከተዘጋ ደግሞ በቃ፣ አለቀለት። ስለዚህ አትደናገጥ፣ ግን ኤክስፖርት ማድረጉን፣ ማለትም መረጃህን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ፋይል ማውጣቱን፣ ዛሬ ነገ አትበል።

ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

ስንቴ! ፐርሰናል አንሴስትራል ፋይል በ2013 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ፣ ዘ ማስተር ጂኒያሎጂስት በ2014። ፋሚሊ ትሪ ሜከርም በ2015 መጨረሻ ሊቆም ነው ተብሎ ስንት ሰው ተንጫጫ፣ በ2016 መጀመሪያ ሌላ ኩባንያ ገዝቶ አስቀጠለው። እንዲህ የሚተርፍም አለ፣ ግን ገዢ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም።

ሁሉም ሰው ጄድኮም ጄድኮም ይላል። ምንድነው?

ዳታን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ማሻገሪያ ፋይል ነው። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ኖትፓድ ላይ ከፍተሽ ማየት ትችያለሽ። እያንዳንዱ መስመር በቁጥር ይጀምራል፦ 0 ካለ አዲስ ሰው ወይም አዲስ ቤተሰብ ነው፣ ከሥሩ 1 ላይ ስሙ ወይም ልደቱ፣ 2 ላይ ደግሞ የልደቱ ቀንና ቦታ።

በአማርኛ የጻፍኩት ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ!

ኤክስፖርት ስታደርግ የፊደል ኮዱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደላትን የሚያስቀምጥበትን ስልት፣ አላየኸውም ማለት ነው። የድሮዎቹ ኮዶች ፊደላችንን አያውቁትም። የአማርኛን ፊደል የሚያውቀውን ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የሚለውን መርጠህ ከዋናው ፕሮግራም እንደገና አውጣ። የተበላሸውን ፋይል ለመጠገን አትልፋ፣ ስሞቹ እዚያ ውስጥ የሉም።

ፎቶዎቼስ የት ሄዱ?

በስፋት የሚሠራበት የጄድኮም እትም 5.5.1 ፎቶውን ሳይሆን ፎቶው ያለበትን ፎልደር አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ፎልደሩን ካንቀሳቀሱት አገናኙ ይበጠሳል። በ2021 የወጣው እትም 7.0 ፎቶና ጽሑፉን አንድ ላይ መጠቅለል ይችላል፣ ሁለቱም ፕሮግራሞች ካወቁት ነው ታዲያ።

ወደ የትኛው ልዛወር?

ግራምፕስ ነፃ ነው፣ የተሠራበት ኮድም ለማንም ክፍት ስለሆነ የአንድ ኩባንያ ውሳኔ አይገድለውም፤ እኔን ከጠየቃችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። መልኩ ግን ለጀማሪ ትንሽ ያስቸግራል። ሩትስማጂክ ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸውን የሦስቱንም ፋይሎች ያለ ጄድኮም በቀጥታ ያነባል። በተለይ ከማስተር ጂኒያሎጂስት ለሚመጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፦ እዚያ ላይ አንድ ሠርግ መዝግቦ ምስክሮቹን ከነድርሻቸው ማያያዝ ይቻል ነበር፣ ጄድኮም ግን ይህን በቅጡ አያሻግርም። ምንጮችና ማስታወሻዎችም በመንገድ ይንጠባጠባሉ። ስለዚህ ከተዛወራችሁ በኋላ የሰውና የቤተሰብ ብዛቱን ከድሮው ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ መረጃው የበዛበትን አንድ ሰው ምረጡና ሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ከፍታችሁ መስመር በመስመር እዩት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

የድሮውን ላጥፋው?

ምን አስቸኮለሽ! ቦታ አይፈጅም፣ ይቀመጥ። ብቻ አዲስ ነገር እዚያ ላይ አትመዝግቢ፣ ሁለት የተለያየ ሐረግ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ሪፖርት በፒዲኤፍ አውጥተሽ አስቀምጪ።