መልስ፦ ካርቡሬተሩ ይቆይ

ወንድሜ፣ በትንሽ ገንዘብ የ1600 ቮልስህን ጉልበት ለመጨመር ጥንድ ካርቡሬተር ላስገባ ወይስ ትልቅ ፒስተን ብለሃል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሞተሩን ጤንነት ነው የማየው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ቀበቶው የሚዞርበትን መዘውር፣ በሁለት እጅህ ጨብጠህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋው፣ ሳበው። ቀጭ ቀጭ ካለ በመለኪያ አረጋግጥ። ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ የሚላወስበት ክፍተት ከ0.15 ሚሊሜትር ካለፈ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ያንን ሳታስተካክል ላዩ ላይ የምትገጥመው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጤነኛ ከሆነ ገንዘብህን ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ አውለው። ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር በደንብ እንዲገጥሙ አድርግ፣ የአየር መግቢያውን ሸካራ ጠርዝ አለስልስ፣ የአራቱንም ማቃጠያ ክፍሎች ይዘት በስሪንጅ ፈሳሽ እየሞላህ ለካና እኩል አድርጋቸው። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ወጪው ትንሽ ነው፤ ለውጡን ግን መሪ ላይ ሆነህ ታውቀዋለህ።

ፒስተን ካማረህ የጎኑ ስፋት 85.5 በሆነው ፋንታ 87 ሚሊሜትሩ ያለ ቶርኖ ሥራ ይገባል፣ የሞተሩ ይዘት 1641 ሲሲ ይሆንልሃል። 88ቱን አደራ እንዳትገዛ! የሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚሳሳ ሙቀት ያጣምመዋል። ስትገጣጥም ደግሞ የማቀዝቀዣ ቆርቆሮዎቹን አንድም ሳታስቀር መልሳቸው፤ ይህ ሞተር የሚበርደው በአየር ነው።