የአያትሽ ቫኪዩም ገና አልሞተም

የዛሬዋ ጠያቂዬ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው የጻፈችልኝ። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በወጣትነታቸው ግብርና ትምህርት ቤት ከነበሩ አሜሪካኖች ቤት ይሠሩ ነበር። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአቧራ መምጠጫ ማሽናቸውን ለአያቴ ትተውላቸው ሄዱ። ረጅም የብረት ሲሊንደር ነው፤ ከሥሩ ሁለት መንሸራተቻ አለው። ዕድሜ ልኩን አልጋ ሥር ኖረ። ልጆች ሆነን እንደ ወንበር እንቀመጥበት ነበር። አሁን በትርፍ ጊዜዬ ላድሰው አስቤ ስፒናውን ቀየርኩና ሰካሁት። እንደ አምቡላንስ ጮኸ! ከውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየኝ፤ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ። ሦስት ሰከንድ ቢቆይ ነው፣ ነቀልኩት። አንድ ሠራተኛ ሳይከፍተው ‹ሞተሩ ሄዷል፣ በ220 ሪዋይንድ ይደረግ፣ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠምጠም› አለኝ። ላስደርገው? ሆዱ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

አታስደርጊው። ቢያንስ ገና አታስደርጊው። (በበርጩማ አገር ቫኪዩም ላይ መቀመጣችሁ ግን አስቆኛል።)

ፎቶው ጥሩ ነው። 115 ቮልት፣ ኤሲ/ዲሲ፣ 4.5 አምፔር ይላል። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የአሜሪካ የቤት መስመር 120 ቮልት አካባቢ ነው፣ የኛ 220። ሞተሩ ከተሠራበት እጥፍ ገደማ ሰጠሽው ማለት ነው። ማሽኑ ከየት እንደመጣ ስትነግሪኝ አልገረመኝም። ግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት ያስተምሩበት የነበሩት ከኦክላሆማ የመጡ ሰዎች ናቸው። የቤት ዕቃቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም አብሮ ሳይመጣ አልቀረም። ማሽኑ ለአያትሽ ሲቀር ትራንስፎርመሩ ሌላ ቦታ የቀረ ይመስለኛል።

«ኤሲ/ዲሲ» የሚለው ራሱ ብዙ ይናገራል። በተለዋዋጩም በቀጥታውም ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ካርቦን ያለው ሞተር ነው፤ ቤት ውስጥ ካለው መፍጫና ከድሪል ጋር አንድ ዘር። የዚህ ዘር ሞተር የተወሰነ ፍጥነት የለውም። ቮልት ስትጨምሪለት ይሮጣል፣ ጭነት ስትቀንሺለትም ይሮጣል። እንደ አምቡላንስ የጮኸው ለዚህ ነው።

እኔም ይህንኑ አድርጌዋለሁ። ሙያ ስለምድ፣ ፈረንጅ አራዳ በነበረ ጋራዥ፣ የአሜሪካ የኬክ መምቻ 220 ላይ ሰክቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሙያ ያስተማሩኝ ሰውዬ ሽታውን ከመንገድ ማዶ ነው የያዙት። ያ ሞተር አልዳነም፣ እኔም ያን ቀን ሻይ አልጠጣሁም። ያንቺ ግን ሦስት ሰከንድ ነው። ሽቦን የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የሸተተሽ ስንት ዓመት ሞተሩ ላይ የተኛ አቧራ ሊሆን ይችላል። ብወራረድ ሞተሩ አለ እላለሁ።

በ220 ሪዋይንድ ማድረግስ ለምን እጠላለሁ? እጥፍ ዙር መጠምጠም አለበት፣ ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋትም ግማሽ መሆን አለበት። የሚሽከረከረውም የቆመውም ጥቅል ሁለቱም። ይህ ይሠራል እንበል። ኮሙቴተሩ፣ ካርቦኖቹ የሚጫኑት የመዳብ ቀለበት፣ ግን ያው ነው። በሁለት የመዳብ ቁራጮች መካከል ያለው ቮልት እጥፍ ይሆናል፣ ክፍተቱ ግን የተሠራው ለ115 ነው። አንድ ጊዜ ለደንበኛ ብዬ ሠርቼዋለሁ። ሁለት ወር ሠራ፣ ከዚያ ኮሙቴተሩን እሳት ዞረውና አበቃ። ገንዘቡን መለስኩለት። በሪዋይንድ ፋንታ ባለ 1000 ዋት ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዢ። ማሽንሽ 4.5 በ115 ሲባዛ 520 ዋት አይሞላም፤ ሲነሳ ግን ብዙ ስለሚስብ እጥፉን ያዢ። ከባድ ዕቃ ነው። ቀላል ሆኖ «1600 ዋት» የሚል ትንሽ ሣጥን ቢያሳዩሽ አትግዢ፣ እሱ ትራንስፎርመር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው።

ማሽኑን ደጅ አውጥተሽ ክፈቺ፣ ማስክም አድርጊ። ውስጡ ያለው የድሮ አቧራ ለሳንባሽ አይሆንም። ብሎኖቹ እንቢ ካሉሽ በካቻቪቴ አትታገዪ፣ ጭንቅላታቸው ይበላል። ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊባቸውና አሳድሪያቸው። (የሙያችን ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካቻቪቴ፣ ስፒና፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ። ጣሊያን ከጅማ ከወጣ ስንት ዘመን ሆነው፣ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።) የፈታሽውን ሁሉ ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ አንሺው።

ገመዱን ቁረጪና ጣዪ። ከላይ ያለው የተሸመነ ጨርቅ ያምራል፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስፒናውን ስትቀይሪ ሳታዪው አልቀረሽም። በምትኩ ሦስት ሽቦ ያለው ለስላሳ ገመድ አስገቢ፤ ሦስተኛውን፣ ቢጫና አረንጓዴውን የኧርዝ ሽቦ፣ ከብረት አካሉ ጋር በብሎን እሠሪው። የድሮው ባለ ሁለት እግር ስፒና ነበር። ሽቦ ቢላጥና አካሉን ቢነካ ብረቱን የያዘው ሰው ይነዘራል። የምትገዢው ትራንስፎርመርም ኧርዙን የሚያሳልፍ መሆኑን ሱቁ ውስጥ በቴስተር አስለኪ። 110 አወረደ ማለት ከመስመሩ ለየሽ ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ አይለዩም። ከማብሪያው አጠገብ አሮጌ ካፓሲተር ካገኘሽ አውጪው።

ቀጥሎ እርጥበት። የጅማን ክረምት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አልጋ ሥር የኖረ ሞተር ውኃ ጠጥቷል። ሞተሩን አውጥተሽ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገቢ፣ ባለ 60 ዋት ክር ያለው አምፖል ካርቶኑንም ሞተሩንም ሳይነካ አንጠልጥዪ፣ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ተዪ። ሰው ባለበት ቀን ይሁን፣ አብርተሽው አትውጪ። አንድ ሁለት ቀን በቂ ነው። ከዚያ ሜገር (የሽቦ ሽፋን መለኪያ) ያለው ሞተር ቤት ውሰጂው። በ500 ቮልት ከጥቅሉ ወደ ብረቱ ሲለኩት ቢያንስ 1 ሜጋኦም ካሳየ ደህና ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ተራ መልቲሜትር ለዚህ አይበቃም፤ የሚለካበት ቮልት ትንሽ ስለሆነ ደካማውን ሽፋን አያጋልጠውም።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፣ ወደ ኮሙቴተሩ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ የመዳብ ቁራጮች ታያለሽ፣ ሁለት ካርቦኖች ከግራና ከቀኝ የሚጫኑት። መብራት አስጠግተሽ ቀስ እያልሽ በእጅሽ አዙሪው። ቀለሙን እዪ። መካከለኛ የተቆላ ቡና መስሎ ካማረ አትንኪው! ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት መዳቡ እስኪያብረቀርቅ ይፈትገዋል። ያ ቡናማ ሽፋን ለካርቦኑ ማለስለሻ ነው፣ ጤነኛ ሞተር በራሱ ነው የሚያበጀው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ አንድ ሁለት ቁራጮች ብቻ ጠርዛቸው ጠቁሮና ተበልቶ ካየሽ ከነሱ ጋር የተያያዘው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው።

በዓይን ብቻ አትመኚ። ካርቦኖቹን አውጪና መልቲሜትሩን ዝቅተኛው ኦም ላይ አድርጊ። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው እያልሽ ዙሩን ጨርሺ፣ ቁጥሩንም ጻፊ። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆነ ሞተርሽ ደህና ነው፣ ያ «ሄዷል» ያለሽ ሰው ተሳስቷል። አንድ ቦታ ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ተበጥሷል። ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ከተገኘ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። የዚያን ጊዜ ስለ ሪዋይንድ እናወራለን፣ እሱም በነበረው በ115።

በቁራጮቹ መካከል ያለው ስንጥቅ በካርቦን ዱቄት ከተሞላ በስለታም እንጨት ጥረጊው። መዳቡ ከተቧጨረ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክለዋል። የብረት ሱፍ በፍጹም። አንድ ጭራው ስንጥቅ ውስጥ ከቀረ ሌላ ሰማያዊ ብልጭታ ታያለሽ።

ካርቦኖቹ ከ7 ሚሊሜትር ካነሱ ቀይሪያቸው። የዚህን ማሽን ካርቦን ጅማ ላይ ፈልጊ አልልሽም። የግራይንደር ካርቦን ግዢ፣ ከድሮው ከፍ ያለ ይሁን። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተሽ ቀስ እያልሽ አሹት። ቤቱ ውስጥ ስታስገቢው በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት፤ ከተጣበቀ ትንሽ አሹት፣ ከተወላገደ አበላሽተሽዋል፣ ሌላ ጀምሪ። ግፊቱ ከሞላው መምጣት አለበት፣ ከግድግዳው ጋር በመፋተግ አይደለም። በመጨረሻ ኮሙቴተሩን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዪው፣ ሻካራው ጎን ወደ ካርቦኑ ሆኖ፣ እና በእጅሽ ወዲያ ወዲህ አዙሪ። የካርቦኑ ፊት የኮሙቴተሩን ቅርጽ ይይዛል። ዱቄቱን ጠርገሽ አውጪ። ይህን ያልሠራ ሰው ነው «አዲስ ካርቦን አስገብቼም ብልጭ ብልጭ ይላል» የሚለኝ።

ኩሽኔታውን በጣትሽ አዙሪ። ካንኳኳ ወይም ከከረከረ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበሽ ግዢ። 608 ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፣ የትም አለ፤ 8 በ22 በ7 ሚሊሜትር። በኢንች የተሠራ ከሆነ «ይጠጋጋል» ብለሽ በመዶሻ አታስገቢ። አጥበሽ ግራሶ ቀቢውና ሌላ እስክታገኚ ሥሪበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሺው በቀጥታ አትሰኪ። ከአንዱ ሽቦ ላይ ባለ 100 ዋት ክር ያለው አምፖል በሲሪ (ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በአምፖሉ፣ ከዚያ በሞተሩ እንዲያልፍ) አስገቢ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ልምዱ ከሌለሽ ይህችን ኤሌክትሪሺያን ያድርግልሽ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ሾርት አለ። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ ትራንስፎርመሩ ላይ ሰክተሽ በሙሉ ጉልበቱ አስነሺው። ካርቦኑ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከዞረ ግን ወዲያው ንቀዪ።

ቦርሳውን አትናቂ። መሬት ላይ ተኝቶ የሚንሸራተተውን ይህን ቅርጽ ያስለመደው ኤሌክትሮሉክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። በነዚህ ማሽኖች የሚመጠጠው አየር በቦርሳው ካለፈ በኋላ በሞተሩ በኩል ነው የሚወጣው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ወፍራም ካኪ ብታሰፊ አየር አያልፍም፣ አንድ ድርብ ስስ ጨርቅ ብታሰፊ አቧራው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ ጥቅጥቅ ያለ አቡጀዲ በሁለት ድርብ አሰፊ፣ ስፌቱም ታጥፎ ይሁን። ስትሠሪ ድምፁ ድንገት ከቀጠነና ከጮኸ «ጉልበት ጨመረ» እንዳትዪ። ታፍኖ ነው። ጭነት ስለቀነሰ ይሮጣል፣ አየር ስላጣ ደግሞ ይግላል። አጥፊና ቦርሳውን አራግፊ።

ቱቦው ከተሰነጠቀ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ ቆርጠሽ በማስቲሽ ለጥፊበት። ክሮሙን በተጨማደደ አልሙኒየም ፎይልና በውኃ አሹት፣ ዝገቱ ይለቃል። ቀለሙን ግን ተዪው። እናንተ እየተቀመጣችሁ ያስለቀቃችሁትን ቦታ በስፕሬይ ብትሸፍኚው እኔ በግሌ ይከፋኛል።

ሲነሳ አያትሽን ጥሪያቸው። ይህ ሞተር ደህና እያለ እንዴት ይጮህ እንደነበር እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። እሳቸው ያውቃሉ። «እንዲህ አልነበረም» ካሉሽ አጥፊው፣ ኩሽኔታውን ደግመሽ እዪና ጻፊልኝ።